በዴልሂ አንዱ ሊጥ ስንት ቂጣ ይሆናል?

አንባቢ ሆይ፤ አሮጌውን ዴልሂ ለማየት ዕድል ቢያጋጥምህ፣ ከቀይ ግንብ ወጥተህ ፊትህን ወደ ምዕራብ ስታዞር ቻንድኒ ቾክ የተባለውን ታላቅ የገበያ ጎዳና ታገኛለህ። ከተማውን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1639 ዓ.ም. የቆረቆረው ንጉሡ ሻህ ጃሃን ሲሆን፣ ገበያውን ያሠራችው ልጁ ጃሃናራ ናት። በዚህ ጎዳና ጥቂት እንደ ሄድህ በስተግራ በኩል አንድ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ስሙ «ፓራንቴ ዋሊ ጋሊ» ነው፤ የፓራታ ቂጣ መንገድ እንደ ማለት ነው።

በዚያ የተቀመጡት ጠባሾች ድንቹን፣ አተሩን፣ ፍጅሉን፣ አበባ ጎመኑን፣ ሙዝ እንኳ ሳይቀር በሊጥ ጠቅልለው ከዳመጡ በኋላ በጋለ ቅቤ ውስጥ ይጥሉታል። ሥጋ በእነዚህ ሱቆች አይሠራም። ሆኖም በጾም ወራት የሚሄድ ክርስቲያን ከሥጋው ቢያመልጥ ከቅቤው አያመልጥም!

ነገር ግን የሕንድን ቤት በዚህ መንገድ አትመዝን። የቤት ፓራታ በቅቤ አይዋኝም፤ ታዋ በሚሉት የብረት ምጣድ ላይ ጥቂት ቅቤ እየተቀባ ይበስላል እንጂ። እኔ ባረፍኩበት ቤት ጠዋት ጠዋት አባትየው ወደ መሥሪያ ቤት፣ ትልቋ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲጣደፉ፣ የሁለት ዓመቱ ሕፃን ትናንት የወደደውን ዛሬ አልቀምስም ብሎ ይጮሃል። እመቤቲቱ ለእነዚህ ሁሉ ያላት ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው።

ሁለት ኩባያ ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት፣ ትንሽ ጨውና አንድ ማንኪያ ዘይት አድርጋ ውሃውን ጠብ እያደረገች ጠንከር አድርጋ ታቦካለች። ግማሹን ለፑሪ ታነሣና በቀረው ላይ ውሃ ጨምራ ለፓራታ ታለሰልሰዋለች፤ ሁለቱንም በእርጥብ ጨርቅ ሸፍና ሃያ ደቂቃ ታሳርፋለች። የእንጀራ ሊጥ ቀናት አስቀድሞ ማቡካት ለለመደ አገር ሰው ይህ ቀልድ ይመስላል።

ፑሪ መዳፍ የምታህል ቂጣ ናት። ስትዳመጥ ዱቄት አይነሰነስባትም፤ ዱቄቱ ዘይት ውስጥ ስለሚያር በምትኩ መዳመጫው ዘይት ይቀባል። ዘይቱ መድረሱን ለማወቅ ቁራጭ ሊጥ ይጣልበታል፤ ወዲያው ከተንሳፈፈ ደርሷል። ቂጣዋ ገብታ በጭልፋ ጀርባ ቀስ ብላ ስትጫን፣ በሊጡ ውስጥ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ እንደ ኳስ ይነፋታል። ዘይቱ ለብ ያለ ከሆነ ግን ዘይት ጠጥታ ጠፍጣፋ ሆና ትቀራለች።

ሕፃኑ ይህን መነፋት ለማየት ይሻማል፤ እናትየው ግን ከምድጃው አጠገብ አታደርሰውም። የተነፋችውንም ፑሪ ቀዳ እንፋሎቱን ሳታስወጣ አትሰጠውም፤ ውስጡ ያለው ትኩስ አየር ያቃጥላልና። በእኔ አስተያየት ለሕፃን የሚሻለው ፓራታው ነው። ሊጡ ተዳምጦ ቅቤ ይቀባል፤ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ሦስት ማዕዘን ይሆንና እንደገና ይዳመጣል፤ በምጣድ ሲበስል ድርብርብ ሆኖ ይለሰልሳል። እሷም በጣት ልክ ቆርጣ ከእርጎ ጋር ታቀርብለታለች።

ልዩነቱ የሚመጣው ከጓዳው ነው። አንድ ቀን ማታ የተረፈ ድንች ይፈጭና ይሞላበታል፤ የሕፃኑ ድርሻ ቃሪያ ሳይገባ አስቀድሞ ይነሣል። በማግስቱ ሊጡ ውስጥ እኛ ነጭ አዝሙድ የምንለው ይጨመራል። በሌላ ቀን ደግሞ የአብሽ ቅጠል ተከትፎ ይገባበታል፤ እኛ ፍሬውን ብቻ ስንፈጭ ሕንዶች ቅጠሉን እንደ ጎመን ይበሉታል።

ባቱራ የሚሉት ትልቁ ጥብስ ቂጣ ግን በሥራ ቀን አይታሰብም። ከነጭ ዱቄትና ከእርጎ ስለሚቦካ ለብዙ ሰዓት ማረፍ አለበት። እሱ የእሑድ ነው፤ አብሮት የሚበላውንም ሽምብራ ቅዳሜ ማታ ዘፍዝፎ ማሳደር ያስፈልጋል።