ስለ ጸጥተኛ መንገድ

ብስክሌት ለልጅ መጫወቻ፥ ለጎልማሳ መላላኪያ ነው እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን ብስክሌት አገርን ለማወቅ የሚረዳ መልካም መሣሪያ መሆኑን ለማስረዳት እንወዳለን። በመኪና የሚሄድ ሰው አገሩን በመስኮት አይቶ ያልፋል፤ በእግሩ የሚሄድ ሁሉን አጥርቶ ያያል፥ ነገር ግን ሳይመሽ ሩቅ አይደርስም። ብስክሌተኛው በሁለቱ መካከል ነው፤ የወፉን ድምፅ ይሰማል፥ የታረሰውን አፈር ያሸታል፥ ሰላም ላለውም ሰው መልስ ይሰጣል፤ እንዲህም እየሆነ በግማሽ ቀን ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ይደርሳል። ይህ ሁሉ ደስታ ግን በመንገድ ጸጥታ ላይ የቆመ ነው። ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነውም ስለዚሁ ነገር ነው።

እኛ ይህን የተማርነው በፈረንሳይ አገር ነው። በዚያ ለትምህርት በተቀመጥንበት ዘመን፥ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወራት ቡርጎኝ በሚባለው ክፍል በብስክሌት እንዞር ነበር። አገሩ ትልልቅ ተራራ ሳይበዛበት፥ ኮረብታው በቀስታ ከፍ ዝቅ እያለ የሚሄድ ነው። በተዳፋቱ ላይ ወይን ተተክሏል፤ በመስኩ ሻሮሌ የሚባሉት ነጫጭ ከብቶች ይግጣሉ፤ በየጥቂቱ ርቀትም አንዲት መንደርና አንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። አንዳንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል ስንሄድ አንድ መኪና እንኳ አያልፈንም ነበር።

ይህ ጸጥታ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ለፈጣን መኪና ሰፋፊ ጎዳናዎች ከተሠሩ በኋላ የሚቸኩለው ሁሉ ወደዚያ ስለ ሄደ፥ የቀድሞዎቹ መንገዶች ለገበሬውና ለብስክሌተኛው ቀሩ። በየአውራጃው ምክር ቤት ወጪ የሚጠበቁት መንገዶች ብቻ ከ370 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ናቸው። ሕጉም መኪና ነጂ ብስክሌተኛን ሲያልፍ በከተማ ውስጥ 1 ሜትር፥ ከከተማ ውጭ 1 ሜትር ተኩል እንዲርቅ ያዝዛል። ደግሞም ባቡር መሄዱን የተወበት አሮጌ የሐዲድ መስመር እንዲያው አልተጣለም፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ከጂቭሪ እስከ ክሉኒ ያለው መስመር ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ መንገድ ሆኖ ተከፈተ። ባቡር ቀጥ ያለ አቀበት መውጣት ስለማይችል መንገዱ ለዘብ ያለ ነው፤ ስለዚህ አያትና የልጅ ልጅ አብረው ሲሄዱበት ይታያሉ።

በዚያ አገር የብስክሌት ጉዞን ለሕዝብ ካስተማሩት ሰዎች አንዱ የሴንት ኤትየኑ ፖል ደ ቪቪ ነው። ይህ ሰው በ1887 ስለ ብስክሌት መጽሔት አቋቁሞ እስኪሞት ድረስ፥ ማለት እስከ 1930፥ ሲጽፍና ሲጓዝ ኖረ። ምክሩም፥ ሳይርብህ ብላ፥ ሳይጠማህ ጠጣ፥ ሳይደክምህ ዕረፍ፥ ለውዳሴ ከንቱ ብለህ አትሩጥ የሚል ነበር። ማርሽ የሚቀይር ብስክሌት ለደካማ ሰው ነው እየተባለ ሲናቅ፥ እርሱ ለሁሉም የሚበጅ መሆኑን ተከራከረ፤ በ1903 የተጀመረው ታላቁ የፈረንሳይ ዙር ውድድር ግን በሩጫ ላይ ሳሉ ማርሽ መቀየሪያን የፈቀደው በ1937 ነው። የነገሩም ስሌት ቀላል ነው። ከፊት 48፥ ከኋላ 16 ጥርስ ያለው ብስክሌት ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማውን 3 ጊዜ ያዞራል፤ ይህ ለሜዳ ነው። ከፊትም ከኋላም 32 ሲሆን ጎማው የሚዞረው 1 ጊዜ ብቻ ነው፤ ፍጥነቱ ያንሳል፥ እግር ግን አቀበቱን ይችለዋል።

የእኛም አገር ሰዎች ለዚህ ሥራ እንግዶች አይደሉም። በ1956 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልቦርን ኦሊምፒክ ስትካፈል ገረመው ደንቦባና ሌሎች ብስክሌተኞች ከተላኩት መካከል ነበሩ፤ በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በፈረንሳይ ዙር ውድድር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

ወደ አገራችን ተመልሰን ነቀምቴን ባየን ጊዜ ቡርጎኝ ትዝ አለን። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከእርስዋ አራት መንገዶች ይወጣሉ። ምሥራቁ በሲሬ ወደ ባኮ፥ ደቡቡ በአርጆ ወደ በደሌ፥ ሰሜኑ በጊዳ አያና በኩል አልፎ ዐባይን ተሻግሮ ወደ ቡሬ ይሄዳል። ምዕራቡ በዲጋ አድርጎ ወደ ዴዴሳ ቆላ ይወርድና እንደገና ወደ ጊምቢ ደጋ ይወጣል፤ ርቀቱም 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ክረምቱ ሲያበቃ፥ በጥቅምት፥ ኑጉ ሲያብብ ተዳፋቱ ሁሉ ቢጫ ይሆናል፤ በኅዳር የቡናው ፍሬ ይቀላል። በቡርጎኝ ነጫጩ ከብት በሚግጥበት ፈንታ በዚህ ቀያዩ የሆሮ ከብት ይሰማራል። ጉም ሳይገለጥ በማለዳ የወጣ ሰው የሚያገኘው ደስታ በፈረንሳይ ካየነው አያንስም።

ነገር ግን ልዩነት አለ። በዚያ ለመኪና ሌላ ጎዳና ስላለ ብስክሌተኛው ብቻውን ይቀራል፤ በወለጋ ግን አንዱ መንገድ የሁሉ ነው። አውቶቡሱ፥ የጭነት መኪናው፥ ከብቱ፥ ገበያተኛውና ተማሪው በአንዱ መንገድ ይሄዳሉ። ጥንትም እንዲሁ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት፥ ሞሮዳ በከሬ ከኋላም ልጃቸው ኩምሳ ሞሮዳ በሌቃ ነቀምቴ በገዙበት ዘመን፥ ወርቁ፥ የዝሆን ጥርሱ፥ ዝባዱና ቡናው በዚህ አገር ያልፍ ነበር። ሲራራ ነጋዴም ብቻውን አይጓዝም ነበር፤ ተሰብስቦ በብዛት ይጓዝ ነበር እንጂ። ይህንንም ያደርግ የነበረው ጭር ያለውን መንገድ ስለሚፈራ ነው።

በቋንቋችን ጸጥታ የሚለው ቃል ሁለት ነገር መያዙን አንባቢ ያስተውል። አንደኛው ጫጫታ አለመኖሩ ነው፤ ሁለተኛው ሰው ከክፉ ነገር መጠበቁ ነው። በፈረንሳይ ሁለቱ አብረው ስለ ነበሩ ልዩነታቸውን ለማሰብ አልተገደድንም። በወለጋ ግን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ሰው ሞተ፥ ብዙ ቤተ ሰብ ከቀዬው ተፈናቀለ፥ መንገዶችም በየጊዜው ተዘጉ። በዚያን ጊዜ መንገዱ ጭር አለ፤ የመኪና ድምፅ አልነበረበትም። ይህን ግን ጸጥታ ብሎ የጠራው ማንም የለም።

ይህን ነገር ከሁሉ አብልጣ ያስረዳችን በነቀምቴ የምትኖር እኅታችን ናት። ልጅዋ ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባለ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ ለመሄጃም ብስክሌት ልትገዛ ፈለገች። እኛም ስለ ቡርጎኝ መንገድ እያወራን ልጂቱን ስናደፋፍር፥ እኅታችን «ጋሼ፥ እርስዎ የዞሩበት አገር ሌላ ነው፤ እኔ ልጄን የምሰደው በዚህ መንገድ ነው። እርስዎ መንገዱ ጭር ሲል ደስ ይልዎታል፤ እኔ ያን ጊዜ ነው የምፈራው» አለችን። ለዚህ ንግግር ወዲያው መልስ አላገኘንም።

መልሱን ያመጣችው ልጂቱ ናት። በመጀመሪያ አንድ ሳምንት ሙሉ በእግርዋ እየሄደች፥ ማን በስንት ሰዓት በዚያ እንደሚያልፍ አየች፤ ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ እንዲሉ፥ መንገዱ በምን ጊዜ እንደሚታመን የመንደሩን ሽማግሌዎች ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ተማሪዎች በሚወጡበት ሰዓት ከእነርሱ ጋር ትወጣለች፥ ከእነርሱም ጋር ትመለሳለች፤ በአቀበቱ ላይ በትንሹ ማርሽ ስትሄድ ልጆቹ እየሮጡ ይከተሉዋታል። ክፉ ወሬ በተሰማ ቀን ብስክሌቱ ከቤት አይወጣም። እናቲቱም በዚህ ስምምነት ፈቀደች፤ ፍርሃትዋ ግን ሁሉ ለቀቃት ማለት አይደለም።

እንግዲህ ልጆቻችሁ ብስክሌት ሲለምኑዋችሁ አትከልክሉዋቸው፤ ሴቶቹንም ከወንዶቹ አትለዩዋቸው። ነገር ግን ከብስክሌቱ አስቀድማችሁ መንገዱን መርምሩ፥ በመንገዱም ላይ የሚሄደውን ሰው ዕወቁ። ሥልጣን ያላችሁም መንገድ ስታሠሩ ለእግረኛና ለብስክሌት ዳር ትታችሁ፥ ነጂው ራቅ ብሎ እንዲያልፍ እዘዙ፤ ይህ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከሁሉ በላይ ግን ገበያተኛዋ ቅቤዋን ተሸክማ፥ ተማሪው ደብተሩን ይዞ፥ ሳይፈሩ የሚያልፉበት መንገድ እንዲሆን ልንደክም ይገባናል። የወለጋ ሰው በመንገድ ሲገናኝ ስለ «ነጋ» ይጠያየቃል፤ ይህም በኦሮምኛ ሰላም ማለት ነው። በቡርጎኝ መንደር ያለው ሽማግሌ ለብስክሌተኛው ቦንዡር ይለውና ወደ ሥራው ይመለሳል፤ የወለጋው ሰላምታ ግን ጥያቄ ነው፥ ጠያቂውም መልሱን ቆሞ ይሰማል።