የቴዎድሮስ መርከብ በጎፋ

የዓፄ ቴዎድሮስን መድፍ የማያውቅ ወጣት ማግኘት ይከብዳል። ሴባስቶፖል ራሱ መቅደላ ላይ ነው፤ አምሳያው ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ በታክሲ መስኮት እናየዋለን። መርከባቸውን ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። እኔ ራሴ የሰማሁት ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ከሰማሁ በኋላ ግን ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ።

ነገሩን የጻፈልን ሄንሪ ብላንክ የተባለ ሐኪም ነው። በንጉሠ ነገሥቱ እጅ የነበሩትን አውሮፓውያን እስረኞች ለማስፈታት ከተላከው ከሆርሙዝድ ራሳም ጋር በ1858 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገባ፤ ሊያስፈታ መጥቶ ራሱ ታሰረ። ከተፈታ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ ቴዎድሮስ በጣና ሐይቅ ላይ የእንፋሎት መርከብ የሚመስል ነገር አሠርተው ነበር። አካሉ እንደ ታንኳ ከደንገል የተሠራ ነው። ከላዩ የእንጨት ወለል ተነጠፈበት፤ በግራና በቀኝ ጎኑ መንኮራኩር ተገጠመለት። መልኩ የእንፋሎት መርከብ ነው፤ እንፋሎት ግን የለውም። መንኮራኩሩን የሚያዞረው የሰው ክንድ ነበር።

ይህን ታሪክ በወጣቶች ኅብረታችን ሳወራ ሁሉም ሳቀ። አንዱ ጓደኛችን፣ «ለስብከት የሚሆን ምሳሌ አገኘን፤ መልክ አለ፣ ኃይል የለም!» አለ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ቤት ገብቼ ለአባቴ ስነግረው ግን አልሳቀም። ዝም ብሎ ቆየና፣ «ታዲያ ቦይለሩን ማን ይሥራላቸው?» አለኝ።

አባቴ የቶርኖ ባለሙያ ነው። ጎፋ በሚገኘው ቤታችን ጓሮ፣ በቆርቆሮ በተከለለች ክፍል ውስጥ፣ ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ቶርኖ አለው። የወፍጮ ቤት ዘንግ፣ የመኪና ቡሽ፣ የውኃ ፓምፕ ጥርስ፣ ምኑ ቅጡ፣ ሲቀርጽ ኖሮ እኛን በዚያ አስተምሮናል። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ግላኮማ ዓይኑን እየጋረደበት ነው። ሐኪሙ መድኃኒቱ ያለውን ለማቆየት እንጂ የጠፋውን ለመመለስ እንዳልሆነ በግልጽ ነግሮናል። በዚያው ሰሞን አንድ ነጋዴ መጥቶ ቶርኖውን ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ ዋጋ ጠርቶ ሄዶ ነበር። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ወንድሞቼም በየፊናቸው ናቸው። ማሽኑን የሚረከብ በቤታችን አልነበረም።

«ቦይለሩን እኛ ለምን አንሠራላቸውም?» አልሁት። «በትንሹ።»

እንዲህ ተጀመረ። የቴዎድሮስ መርከብ ንድፍ ስለሌለን፣ ከብላንክ ትረካ ቅርጹን ወስጄ 90 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሞዴል በወረቀት ላይ አነሣሁ። ደንገሉ፣ የእንጨቱ ወለል፣ ሁለቱ መንኮራኩሮች እንዳሉ ሆነው፣ በሰዎቹ ቦታ ቦይለርና የእንፋሎት ሞተር ይገባል። አባቴ አንድ ሕግ ብቻ አወጣ፤ «ጌጥ ከሆነ አልሠራም። መሄድ አለበት።»

ቦይለሩ ከምናለሽ ተራ ባገኘነው ወፈር ያለ የመዳብ ቱቦ ተሠራ። ግራና ቀኙን በክብ የመዳብ ክዳን ዘግተን በብር ቅይጥ በየድነው። ሞተሩ አንድ ሲሊንደር ያለው ሲሆን፣ ክራንኩ ሲዞር ሲሊንደሩ ራሱ እየተወዛወዘ እንፋሎቱ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ቀዳዳ በተራ ይከፍታል፣ ይዘጋል። የሲሊንደሩ ውስጥ ስፋት 16 ሚሊ ሜትር ነው። ፒስተኑ ከጠበበ አይንቀሳቀስም፣ ከሰፋ እንፋሎቱ ያመልጣል። አባቴ መለኪያውን ማንበብ ስለማይችል እኔ ቁጥሩን እጠራለሁ፤ እሱ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ጣቱን ያምናል። ፒስተኑን በአውራ ጣቱ እየገፋ፣ «ገና ነው፤ ፀጉር ታህል ይቀራታል» ይላል። ለካሁት፤ እውነትም ቀርቷታል።

ቶርኖውን ያዘኝ። ቢላውን እንዴት እንደምሞርድ፣ ብረቱ ሲቆረጥ የሚያወጣው ድምፅ ሲለወጥ ምን ማለት እንደሆነ፣ ለመዳብ አንድ ዓይነት ለብረት ሌላ ዓይነት ፍጥነት እንደሚያስፈልግ ከጀርባዬ ቆሞ አሳየኝ። «አሳየኝ» ስል ቃሉ አያስቃችሁ፤ ማየት የቸገረው ሰው እጁን በእጄ ላይ አድርጎ ነው ያሳየኝ። ከእነዚህ ነገሮች አብዛኛውን በወረቀት ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ከእጅ ወደ እጅ ብቻ የሚያልፍ እውቀት አለ።

ቦይለሩ እሳት ከማየቱ በፊት መፈተን ነበረበት። የምንሠራበት ግፊት 2 ባር ስለሆነ፣ አባቴ በ4 ባር ቀዝቃዛ ውኃ ይፈተን አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ውኃ ሲጨመቅ እምብዛም አያንስም፤ ስለዚህ ብየዳው ቢለቅ ጠብ ጠብ ብሎ ያበቃል። እንፋሎት ግን የታመቀ ጉልበት ነው፤ ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ በተለመደው የአየር ግፊት ከ1,600 ጊዜ በላይ ቦታ ይፈልጋል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከፍታዋ ትልቅ ስለሆነ በክፍት ድስት ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በተዘጋው ቦይለራችን ውስጥ ግን ሙቀቱ ከ120 ዲግሪ ያልፋል። በእጅ ፓምፕ ውኃውን ገፋን። ጌጁ 4 ላይ ደርሶ ሩብ ሰዓት ሳይነቃነቅ ቆመ። ከዚያ በኋላ ነው ሴፍቲ ቫልቩን ሠርተን፣ ከ2 ባር ሲያልፍ ራሱ እንዲከፈት ስፕሪንጉን ያስተካከልነው።

ትንሽ ነገር መሥራት ትልቁን ከመሥራት ይቀላል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። አንድን መርከብ በርዝመቱም፣ በወርዱም፣ በከፍታውም 20 ጊዜ ብታሳንሱት የገጹ ስፋት 400 ጊዜ፣ ይዘቱ ደግሞ 8,000 ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ ትንሽ ቦይለር ከያዘው ውኃ አንጻር ሲታይ ለብርድ የተጋለጠ ገጹ ብዙ ነው፤ ሙቀቱ ቶሎ ያመልጣል። አባቴ፣ «ጋቢ አልብሺው» አለኝ። የእንፋሎቱን ቱቦ በጥጥ ገመድ ጠቀለልሁት፤ ልዩነቱ ወዲያው ታየ።

ደንገሉም የራሱን አስተማረን። አክስቴ ከባሕር ዳር ለጎብኚዎች ከሚሸጡት ትንንሽ ታንኳዎች አንዱን አምጥታልኝ ነበር። ለሁለት ቀን ውኃ ላይ ትቼው ብመዝነው ክብደቱ በጣም ጨምሯል። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ የጣና ሰዎች ታንኳቸውን ከሐይቅ እያወጡ በፀሐይ የሚያደርቁት ለዚህ ነው። እንዲህ ባለ አካል ላይ የብረት ቦይለር መጫን ከባድ ነው። እኛ ከውስጥ በቀጭን ላሜራ ሠርተን ከውጭ ደንገል አለበስነው። ለካ የጎደለው ቦይለር ብቻ አልነበረም። ከቦይለሩ በፊት ላሜራ፣ ከላሜራው በፊት የብረት ማቅለጫ፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ይህን ሁሉ የሚያውቅ እጅ ያስፈልግ ነበር።

ቴዎድሮስ ይህን የተረዱ ይመስለኛል። በ1848 ዓ.ም. ጀምሮ ከስዊዘርላንድ፣ በባዝል አጠገብ ካለው ከቅድስት ክሪሾና የሚስዮን ማኅበር የተላኩ ወንጌላውያን መጥተው ነበር። የላካቸው በኢየሩሳሌም የነበረው ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ነው። የአማርኛ መጻሕፍት ቅዱሳት ይዘው የመጡ፣ በእጃቸው ሥራ እየኖሩ ሊያገለግሉ ያሰቡ የእጅ ባለሙያዎች ናቸው። ንጉሡ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ አስቀመጧቸው፤ የፈለጉባቸውም መድፍ ነበር። እነ ዋልድማየርና ሳልሙለር ሴባስቶፖልን ያቀለጡት እንዲህ ባለ ግዴታ ውስጥ ሆነው ነው። ቃሉን ሊያካፍሉ የመጡ እጆች መድፍ ማፍሰሳቸው እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ኋላም ንጉሡ፣ ከእነዚሁ ሚስዮናውያን አንዱ የሆነውን ፍላድን ባለሙያና ማሽን እንዲያመጣላቸው ወደ እንግሊዝ ልከውት ነበር። ባለሙያዎቹ ከነመሣሪያቸው ምፅዋ ድረስ ደረሱ፤ እስረኞቹ ስላልተፈቱ ግን ከዚያው ተመለሱ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን አጠፉ።

በአገራችን እውነተኛ የእንፋሎት መርከብ ሲመላለስ የታየው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በምዕራብ በኩል በባሮ ወንዝ ላይ ነው። ከ1894 ዓ.ም. ስምምነት በኋላ ጋምቤላ የንግድ ወደብ ሆና፣ ክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚነሡ መርከቦች እየመጡ ቡናችንን ይጭኑ ነበር። መርከቦቹ መጡ፤ ቡናው ሄደ፤ መርከብ የሚሠራው እጅ ግን ከእኛ ዘንድ አልቀረም።

ሞዴላችን ስምንት ወር ፈጀ። ለመፈተኛ የሚሆን ሰፊ ውኃ ጎፋ ውስጥ ከየት ይመጣል? ሽማግሌዎቹን አስፈቅደን በቤተ ክርስቲያናችን የጥምቀት ገንዳ ውኃ ሞላን። አንዱ ሽማግሌ ፈገግ ብለው፣ «ይህኛው እንኳ ጨርሶ ባይጠልቅ ይሻላል» አሉን። የአልኮሉን ኩራዝ ለኮስሁ። ከስድስት ደቂቃ በኋላ ጌጁ ተነሣ፤ ክራንኩን በጣቴ አንድ ጊዜ ገፋሁት፤ መንኮራኩሮቹ ያዙ። በየመንኮራኩሩ ያሉት ስምንት ሰሌዳዎች ውኃውን እየመቱ፣ መርከቧ በዝግታ ገንዳውን ማቋረጥ ጀመረች። ልጆቹ ጮኹ።

አባቴ ከገንዳው ጠርዝ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ድምፁ አዙሮ ነበር። «ሄደች?» አለኝ። እጁን ይዤ ውኃው ውስጥ አስገባሁት። መርከቧ አጠገቡ ስታልፍ ትንንሾቹ ማዕበሎች በመዳፉ ላይ አንድ በአንድ አለፉ። ቆጠራቸው መሰለኝ። ከዚያ፣ «የግራው መንኮራኩር ትንሽ በዝቶ ጠልቋል፤ ውኃ ያነሣል። ነገ እናስተካክለዋለን» አለ።

ያን ቀን፣ «መልክ አለ፣ ኃይል የለም» ያለው ጓደኛችንም ነበር። እኔ ግን አሁን በዚያ ምሳሌ አልስማማም። በደንገሉ መርከብ ውስጥ መንኮራኩሩን ያዞሩት ሰዎች ላብ ኃይል ነበር። የንጉሡም ምኞት ሊሳቅበት አይገባም፤ መጀመሪያ መልኩን ማየት ያስፈልጋል። በመልኩና በሚሠራው ነገር መካከል ግን የሚያውቅ ሰው፣ ከእርሱ ሥር የሚቀመጥ ተማሪና ጊዜ መኖር አለባቸው። ከሦስቱ በፍጥነት የሚያልቀው ጊዜው ነው። በየሰፈራችን እንደ አባቴ ያሉ ብዙ ናቸው፤ ልብስ ሰፊ፣ አናጢ፣ ሰዓት ጠጋኝ፣ ሸማኔ። ዕድሜያቸውን ሁሉ ያጠራቀሙትን ማንም ሳይጠይቃቸው ይዘውት ይሄዳሉ።

ቶርኖው አልተሸጠም። ነጋዴው አሁንም አልፎ አልፎ ይደውላል፤ አባቴም፣ «ይቆይ» ይለዋል። ከገንዳው ቀን ወዲህ ከኅብረታችን ሦስት ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ። እነርሱ የሚጠይቁት መርከብ መቼ እንደሚሠሩ ነው። አባቴ ግን ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ቁራጭ ብረት ሰጥቶ፣ አራቱ ጎን እኩል እስኪሆን በሊማ እንዲሞርዱ አዟቸዋል። በሞርሳው ላይ ተራ ይጠባበቃሉ። ሲጨርሱ ያመጡለትና በአውራ ጣቱ ይዳስሰዋል።

እስካሁን ያለፈ የለም። ገና ሊማ ላይ ናቸው።