አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መቅረዝ

ባልና ሚስት አገር ለማየት ሲነሡ ብዙውን ጊዜ የሚጋጩት በሚያዩት ነገር ሳይሆን በሚያድሩበት ነገር ነው። አንዱ «ለአንድ ሌሊት እንቅልፍ ይህን ያህል ገንዘብ?» ሲል ሌላው «ታዲያ ያጠራቀምነው ለምን ሆነና?» ይላል። እኔና ባለቤቴን ይህ ነገር ያጋጠመን ወልድያ ላይ ነው። ጊዜው 2010 ዓ.ም. ነበር። የጋብቻችንን አሥረኛ ዓመት ምክንያት አድርገን፣ እግዚአብሔርንም እያመሰገንን ላሊበላን ልናይ ከአዲስ አበባ ተነሣን።

ወልድያ የሰሜን ወሎ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 520፣ ከደሴ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የአገር ድንበር ባትሆንም መንገደኛው ከአንዱ ምድር ወደ ሌላው የሚሻገርባት በር ናት። ወደ ሰሜን የሄደ በቆቦ አድርጎ አላማጣ ይገባል። ወደ ምሥራቅ የወረደ የአፋርን ቆላ ያገኛል። ወደ ምዕራብ የሚያቀና ደግሞ የድልብን ዳገት ወጥቶ ጋሸና ይደርስና ወይ ወደ ላሊበላ ይታጠፋል፣ ወይ ወደ ደብረ ታቦርና ባሕር ዳር ይቀጥላል። ስለዚህ ብዙ ሰው ወልድያ የሚያድረው ለነገው መንገድ ሲል ነው። ለዚህም ነው የአልጋው ምርጫ ከባድ የሚሆነው፤ የዛሬው ሌሊት ሲበላሽ የነገውም ቀን አብሮ ይበላሻል።

የደረስነው አመሻሹ ላይ ነበር። ባለቤቴን ከሻንጣው ጋር ሻይ ቤት አስቀምጬ ብቻዬን አልጋ ፍለጋ ወጣሁ። ከመናኸሪያው አጠገብ ካየኋቸው ሁሉ ዋጋው ዝቅተኛ የሆነውን መረጥሁና ከፈልሁ። ከሌላው ጋር ሳነጻጽረው 150 ብር አተረፍሁ ብዬ ደስ አለኝ። ስመለስ ባለቤቴ «ክፍሉን አየኸው ወይ?» አለችኝ። «አልጋ አልጋ ነው!» አልኋት።

አልጋ ግን ሁሉ አልጋ አይደለም። ከክፍላችን ሥር መጠጥ ቤት ነበር፤ ሙዚቃው እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት አላቆመም። ቧንቧው ውኃ የለውም። የበሩ ቁልፍ አይሠራምና ሻንጣችንን ደግፈንበት ተኛን። ሲነጋጋ እንቅልፍ ጥሎን ኖሮ ከማለዳው 12 ሰዓት የሚነሣው መኪና አመለጠን። ሌላ እስኪሞላ ብንጠብቅም አልሆነልንም፤ በመጨረሻ ለሚኒባስ ካተረፍኋት ገንዘብ ከእጥፍ በላይ ጨምሬ ከፈልሁ። በጋሸና በኩል 170 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው በዚያ መንገድ ላይ እኔና ባለቤቴ ሁለት ቃል እንኳ አልተነጋገርንም።

እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 11ዱ ከአለት የተፈለፈሉ ቤተ ክርስቲያናት ፊት በቆምንበት ቀን እኔ የማስበው ስለ ሚኒባሱ ሂሳብ ነበር። ባለቤቴም ከሰዓት በኋላ ድካም ስላሸነፋት ተኛች። ለዓመታት የተመኘነውን ቀን ግማሹን አጣነው።

ስንመለስ መርሳ አደርን። መርሳ ከወልድያ በስተደቡብ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፣ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው በምሥራቅ ከአፋር ክልል ይዋሰናል፤ በደሴው መንገድ ላይ ውርጌሳንና በግብርና ምርምር ማዕከሏ የምትታወቀውን ሲሪንቃን ያቀፈ ነው። ከደጋው ወርዶ መርሳ ሲደርሱ አየሩ ይሞቃል፤ ሰውነት ይፍታታል። በዚህ ጊዜ ባለቤቴ «ክፍሉን አብረን እንይ» አለች፤ አብረን አየን። ያገኘነው ክፍል ትንሽ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ መብራት ብቻ አለው።

ባለቤቴ ዙሪያውን አይታ ሳቀችና «ይህ የሱነማዊቷ ቤት ነው» አለች። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ሱነማዊቷ ሴት ለነቢዩ ለኤልሳዕ ትንሽ ክፍል ስታዘጋጅ ያስቀመጠችለት እነዚህኑ አራት ነገሮች ነበር፦ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መቅረዝ። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ያደረገችው አንድ ነገር አለ። ከባሏ ጋር ተነጋገረች! ሀብታም ሴት ነበረችና ብቻዋን ብትወስን የሚያቅታት አልነበረም። እኔ ደግሞ ለ150 ብር ብዬ ሚስቴን ሳላማክር ወሰንሁ። ያን ጊዜ ገባኝ። ባለቤቴን ያስከፋት የመጠጥ ቤቱ ሙዚቃ አልነበረም፤ ያስከፋት «አልጋ አልጋ ነው» ማለቴ ነው። እርስዋ በወንበሩ፣ እኔ በአልጋው ጫፍ ተቀምጠን ይቅርታ ጠየቅኋት።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ከተማ ርካሽ ማረፊያ ስንፈልግ በእነዚህ አራት ነገሮች እንመዝናለን።

አልጋ። ከመክፈላችሁ በፊት ሁለታችሁም ክፍሉን እዩ። አንሶላው መታጠቡን፣ ቁልፉ መሥራቱን፣ ቧንቧው ውኃ እንዳለው፣ ከሌለም በጄሪካን ይቀርብ እንደሆነ ጠይቁ። ከሥርና ከጎን መጠጥ ቤት መኖሩን ተመልከቱ። የጋራ ሻወርና መጸዳጃ ያለው ክፍል ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ንጹሕ ከሆነ በእርሱ ማደር የሚያሳፍር አይደለም። መርሳን በመሰለ ሞቃት ስፍራ አጎበር መኖሩን ሳታረጋግጡ አትተኙ፤ ከወባ ሕክምና አጎበር ይረክሳልና።

ጠረጴዛ። የምግቡን ነገር አስቀድማችሁ አስቡ። ቤቱ ቁርስ ባይኖረው ማለዳ የሚከፈት ሻይ ቤት በአቅራቢያው አለ ወይ? ወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተዋዶ የኖረበት አገር ነው። በዐቢይ ጾም የፍስክ ምግብ ላታገኙ ትችላላችሁ፤ በረመዳን ቀን ላይ የሚዘጋ ምግብ ቤት ይኖራል። ይህን አውቆ ዳቦና ፍራፍሬ የያዘ ሰው አያማርርም፤ የጎረቤቱንም ጾም ያከብራል። በላሊበላም እንዲሁ ነው። ጫማ አውልቁ ሲባል አውልቁ፣ ነጠላ ተከናነቡ፣ ለክርክር ሳይሆን ለማየትና ለማዳመጥ ግቡ።

ወንበር። ሒሳቡን ከቤት ሳትወጡ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ሥሩ። ላሊበላን ከወልድያ ተነሥቶ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ማድረግ ገንዘብ የሚያድን ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያ ተራራማ መንገድ ቀኑ በመኪና ውስጥ ያልቃል። አንድ ሌሊት ወልድያ፣ ሁለት ሌሊት ላሊበላ ማደር ለባለትዳሮች የተሻለ ነው። ታኅሣሥ 29 የገና በዓል ሲሆን ላሊበላ በምእመናን ትሞላለች፤ አልጋ ይወደዳል፣ ጨርሶም ይጠፋል። ገንዘባችሁ ጥቂት ከሆነ ሌላ ወር ምረጡ። መርሳ ከወልድያ ይልቅ ጸጥ ያለች ናት፤ ዳሩ ግን በማግስቱ ማለዳ ላሊበላ ለሚሄድ ሰው አትመችም። መጀመሪያ ወልድያ መድረስ ስላለበት የመኪና ኪራይና የአንድ ሰዓት እንቅልፍ ይጨምራል። ከአዲስ አበባ ሲመጣ ለመሸበት፣ ወይም እንደ እኛ ሲመለስ ማረፍ ለሚሻ ግን መልካም ናት።

መቅረዝ። መብራት ይጠፋል። የእጅ ባትሪ ያዙ፣ በተለይ መጸዳጃው ከቤት ውጭ ከሆነ። ሌላም መብራት አለ። በማታው አንድ ምዕራፍ አንብቦ አብሮ የሚጸልይ ባልና ሚስት የክፍሉ ግድግዳ ቢላጥ ብዙ አይከፋውም።

አምስተኛ ነገር ልጨምር። ዋጋ መከራከር ተገቢ ነው፤ ሆኖም ልክ አለው። የርካሽ አልጋ ባለቤት ብዙ ጊዜ አንሶላውን በእጅዋ የምታጥብ፣ ጄሪካኑን በጀርባዋ የምታመጣ እናት ናት። ደጉ ሳምራዊ ለእንግዶች ቤት ጠባቂው ሁለት ዲናር ከፍሎ፣ ከዚያ በላይ ቢያወጣ እንደሚጨምርለት ቃል ገብቶ ሄደ። የተጎዳውን ሰው ሲረዳ የቤቱን ባለቤት አልጎዳም። እኛም ያተረፍነው አሥር ብር ከማን ኪስ እንደ ወጣ እንጠይቅ።

ይህን የምጽፈው ያን አገር ብዙ መከራ ካገኘው በኋላ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወልድያና ላሊበላ ደረሰ፤ ሁለቱም ከተሞች እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ውስጥ ቆዩ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። ስለዚህ ለዛሬ ተጓዥ የመጀመሪያው ጥያቄ የአልጋ ዋጋ ሳይሆን የመንገዱ ደኅንነት ነው። በዚያ የሚኖሩ ዘመዶችን፣ የአካባቢውን አጥቢያ አገልጋዮች፣ በመስመሩ የሚሠሩ ሾፌሮችን ሳትጠይቁ አትነሡ። «ዘንድሮ ይቆይ» ካሏችሁ ይቆይ። ገንዘቡን አስቀምጡት፣ ለአገሩ ሰላምም ጸልዩ። መንገዱ ሲከፈት ግን ሂዱ። የእንግዳ ድርቅ የመታቸው ቤቶች የሚጠብቁት እንግዳን ነውና።

እኛም ጌታ ቢፈቅድ ተመልሰን ለመሄድ አስበናል። እኔ ዋጋ እጠይቃለሁ፣ እርስዋ ቁልፉን ትሞክራለች፤ ሁለታችንም «ይሁን» ሳንል ግን ማናችንም ቦርሳ አንከፍትም።