የጥልቀት ዕዳ

ከሻርም ኤል ሼክ ተነሥታ በቀይ ባሕር ላይ ሳምንት በምትከርመው የጠላቂዎች መርከብ ደወል የሚደወለው ጎሕ ሲቀድ ነው። ከብርድ አገር የመጣው የቢሮ ሠራተኛ እንቅልፉን ሳይጠግብ ይነሣል፤ ቡናውን በቁሙ ይጨልጣል፤ ከትናንት ጀምሮ እርጥብ የሆነውን የጎማ ልብስ እየተንዘፈዘፈ ይለብሳል፤ የአየር ሲሊንደሩን አዝሎ ባሕር ይገባል። ከቁርስ በኋላ እንደገና። ከምሳ በኋላ ሦስተኛ። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ እርሱም ባትሪውን ይዞ ለአራተኛ ጊዜ ይጠልቃል። ዕረፍት መሆኑ ነው!

አይፈረድበትም። ለዚህች ሳምንት ዓመት ሙሉ ቆጥቧል። እያንዳንዷን መውረድ በደብተሩ በቁጥር ይመዘግባል፤ ሃያን ሳያልፍ አገሩ መመለስ ገንዘብን ባሕር ውስጥ እንደ መበተን ይቆጥረዋል። ሆኖም ቁጥሩ በጨመረ መጠን ዓይኑ እየደከመ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1941 በጀርመን አውሮፕላኖች ቦምብ በሰጠመችው ቲስልጎርም ሆድ ውስጥ ሞተር ብስክሌቶቹ ዛሬም እንደ ተጫኑ ቆመዋል። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት በአንዱ መሪ ሥር የተሸሸገች ትንሽ ዓሣ አይቶ ከዚያ መነሣት አቅቶት ነበር። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ያየው የአየር መለኪያውንና ሰዓቱን ብቻ ነው።

ሥጋ ደግሞ የራሱን ሒሳብ ይይዛል። በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ ከባቢ አየር ስለሚጨምር፣ በ30 ሜትር ላይ ሰው የሚተነፍሰው በገጸ ምድር ካለው አራት እጥፍ የታመቀ አየር ነው። ከዚህም አብዛኛው ናይትሮጂን ነው፤ በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብሎ ለሚወጣ ሰው በትንፋሽ ይወጣል፤ ለቸኮለው ግን አረፋ ይሆናል። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ በድንገት ሲከፈት ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ስኮትላንዳዊው ሊቅ ጆን ስኮት ሃልዴን ፍየሎችን በግፊት ክፍል እያስገባ ካጠና በኋላ፣ በደረጃ እያረፉ የመውጣትን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1908 አሳተመ። ይሁንና አንድ ሁለት ሰዓት በመርከብ ላይ መቀመጥ የገባውን ሁሉ አያስወጣም፤ ሁለተኛው መውረድ የመጀመሪያውን ዕዳ፣ አራተኛው የሦስቱንም ይዞ ይጀምራል።

በዚሁ ባሕር፣ በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ፣ ሉል ጠላቂዎች በአንድ ትንፋሽ ብቻ በቀን ደጋግመው ይወርዱ ነበር። እነርሱን ያስወረዳቸው እንጀራ ነው። ይህን ሰው ማን አስገደደው?

በአምስተኛው ቀን፣ ከሦስተኛው መውረድ በኋላ፣ ግራ ትከሻው ውስጡን ይጠዘጥዘው ጀመር። «ሲሊንደሩ ከብዶኝ ነው» ብሎ ለራሱ ነገረው። ምልክቱን በትምህርቱ ጊዜ እንደ ተማረው ዘንግቶ አይደለም፤ ቢናገር መርከቧ ወደ ወደብ እንደምትዞርና የሁሉም ሌሊት እንደሚበላሽ ያውቃል። እጁን እያሸ አንድ ሰዓት ዝም አለ። ባልንጀሮቹ ልብሳቸውን እስከ ወገብ አጥልቀው ባትሪያቸውን ሲሞክሩ ግን ተነሥቶ ወደ መሪው ቀረበና በዝግታ ነገረው።

ንጹሕ ኦክስጅን በጭምብል ተሰጠው። ሞተሩ ተነሣ። ሰዎቹ አንድም ቃል ሳይናገሩ እርጥቡን ልብስ ከላያቸው ይገፉ ጀመር። ከመካከላቸው አንዱ ብርድ ልብስ አምጥቶ፣ የትኛው እንደሚያመው ሳይጠይቅ፣ በግራ ትከሻው ላይ ጣለለት።