ዘንዶና የአምስት ኪሎ ብርድ

ከአንድ የባዮሎጂ ዕጩ መምህር

ባለፈው ዕትም አንዲት ባልደረባችን ስለ ዶሮ እርባታ ያቀረበችውን ጽሑፍ ሁላችንም ወደነዋል። እኔ ደግሞ ዛሬ ዶሮ ስለሚውጠው እንስሳ ላውራችሁ።

እንደሚታወቀው በአገራችን ዘንዶ ክፉ ስም ያለው ፍጥረት ነው። በየቤቱ ግድግዳ በተሰቀለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ከፈረሱ እግር ሥር ተዘርሮ በጦር ይወጋል። በፒያሳ የስጦታ ዕቃ መደብሮች ስንት ዘመን ሲሸጥ የኖረው፣ የንግሥተ ሳባ ታሪክ በትንንሽ ሳጥን እየተከፋፈለ የተሣለበት ሸራም የሚጀምረው ሕዝብ እየገበረ በሚቀልበው በንጉሡ እባብ በአርዌ ነው። አርዌ የሞተው የተመረዘ ፍየል ውጦ ነው ይባላል። እኔን ግን ሥዕሉን ባየሁ ቁጥር የሚያስቀኝ የቀለቡ ብዛት ነው። እውነተኛው ዘንዶ አንድ ፍየል ከዋጠ በኋላ ለብዙ ሳምንታት፣ ሲብስም ለወራት፣ ሌላ ሳይጠይቅ ጸጥ ብሎ ይኖራል። ሕዝቡ ባዮሎጂ ቢማር ኖሮ ግብሩ ይቀልለት ነበር!

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ጊዜ ከአምስት ኪሎ ዝቅ ብሎ ባለ ሰፈር የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ የከባድ መኪና ሾፌር ዘንዶ እንዳላቸው ተማሪዎቼ ነገሩኝ። መጀመሪያ የልጅ ወሬ መስሎኝ ነበር። ሄጄ ሳይ እውነት ሆኖ ተገኘ። በጋምቤላ መስመር ሲሠሩ ክንድ የማትሞላ ግልገል ሳለች ያመጧት ዘንዶ አሁን ከሁለት ሜትር በላይ ሆና በእንጨት ሣጥን ውስጥ ተጠምጥማ ተኝታለች። ለአራት ወር ምንም አልቀመሰችም። የመጨረሻዋን ዶሮም ከነላባዋ መልሳ ተፍታታለች።

«ሐዘን ገብቷት ነው፣ አንተ ልጅ» አሉኝ ጋሼ። «ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ነው እንዲህ የሆነችው።»

ይህን የሰማ ሰው ምን ይላል? ዝም አልኩ። ከዚያ ቀስ በቀስ ስጠይቃቸው ነገሩ እየተፈታ መጣ። ባለቤታቸው እንጀራ እየጋገሩ ይሸጡ ነበር። የዘንዶዋ ሣጥን የሚቀመጠውም ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ከምድጃው አጠገብ ነው። እሳቱ ከጧት እስከ ማታ አይጠፋም። ሴትየዋ ሲያርፉ ምድጃው ጠፋ። ሣጥኑም ወደ ዕቃ ቤት ተዛወረ። በማግሥቱ ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር ተውሼ በማለዳ ሣጥኑ ውስጥ ባስገባው 13 ዲግሪ አሳየኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ሳይንስ ግድ ይላል። አንበሳም እኛም የሰውነታችንን ሙቀት የምናገኘው ከምንበላው ምግብ ነው። ከአምስት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሽቅብ ሲኬድ በ1940 ዓ.ም. የተቋቋመው አንበሳ ግቢ አለ። የዚያ ግቢ ጥቁር ጎፈር አንበሶች የአዲስ አበባን ብርድ ችለው ለብዙ ዘመን የተራቡት ሥጋ ስለሚቀርብላቸው ነው። ዘንዶ ግን ሙቀት የሚያገኘው ከአካባቢው ብቻ ነው። ለዚህ ነው በጥቂት ምግብ ረጅም ጊዜ መቆየት የሚችለው። ለዚሁም ነው ብርድ ሲመታው ሆዱ ሥራ የሚያቆመው። የዋጠው ሳይፈጭ ይበሰብሳል፣ ወይም ተመልሶ ይወጣል። ዘንዶ ምግብ መፍጨት ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ! በ2005 እ.ኤ.አ. በበርማ ዘንዶ ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ እንስሳው ከዋጠ በ48 ሰዓት ውስጥ የልቡ ጡንቻ በ40 በመቶ ያድጋል። ልቡ ራሱ የሚያብጥለት ሥራ በ13 ዲግሪ እንዴት ይከናወናል?

ታዲያ ምን አደረግን? ሣጥኑን ሁለት ክፍል አደረግነው። አንደኛው ጫፍ ከ30 እስከ 32 ዲግሪ፣ ሌላው 26 ገደማ እንዲሆን ነው፤ ዘንዶ ሲሞቀው ይሸሻል፣ ሲበርደው ይቀርባል፣ የሚበጀውን ራሱ ያውቃል። አምፑሉ ከሽቦ ወንፊት ውጭ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ተጠምጥሞበት ይቃጠላል። መብራት ሲጠፋ (ይህ ሰፈር መብራት መጥፋትን በደንብ ያውቀዋል) ጋሼ በሃይላንድ ፕላስቲክ ሙቅ ውኃ ሞልተው በጨርቅ እየጠቀለሉ ያስገቡላት ጀመር። ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነሥተው ይቀይራሉ። ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው!

ወተቱን አስቀረን። እባብ ወተት ይወዳል የሚባለው ተረት ነው፤ የሚያስፈልገው ንጹሕ ውኃ፣ ገብቶ ሊነከርበት የሚችል ሰፊ ሳፋ ነው። ጤና አዳሙንም ከሣጥኑ አወጣን፤ ጋሼ ግን በዚህ አልተስማሙም፣ ከክዳኑ ላይ መልሰው አሰሩት። ቆዳዋን ልትቀይር ስትል ዓይኗ እንደ ጭጋግ ይሆናል። በዚያን ጊዜ በበጋው ደረቅ አየር ቆዳው ተቆራርጦ እንዳይቀር እርጥብ ጆንያ አስገባንላት። ከቅርፊቷ ሥር መዥገርም አገኘን። ሕያው አይጥ ከእሷ ጋር አሳድሮ መተው ደግሞ ትልቅ ጥፋት ነው፤ የማትበላ ዘንዶን አይጡ ራሱ ይበላታል። ከነካናት በኋላ እጃችንን በሳሙና መታጠባችንን አልዘነጋንም፤ እባብ ሳይታመም ሳልሞኔላ የሚባለውን ተሕዋስ ሊሸከም ይችላልና።

ሙቀቱ ብቻውን አልበቃም። አፏን ከፍታ ትተነፍስ፣ ከአፍንጫዋም አረፋ ይወጣ ነበር። ይህ የሳንባ በሽታ ምልክት ነው። ጋሼ ለራሳቸው ከታዘዘላቸው እንክብል ሊያካፍሏት ፈለጉ፤ እምቢ አልኩ። የእንስሳት ሐኪም መጥቶ መዝኗት በክብደቷ ልክ መርፌ ጀመረላት። መርፌው አልቆ ብዙም ሳይቆይ የሞተ አይጥ አሙቀን ስናቀርብላት አፈፍ አድርጋ ወሰደችው። ከንፈሯ ላይ ያሉት ጉድጓዶች ሙቀት ይለያሉ፤ ቀዝቃዛውን አይጥ ቀደም ሲል ዞር ብላም አላየችውም ነበር። ጋሼ እንደ ልጅ አጨበጨቡ።

ከሁሉ የከበደው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 541 መሠረት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው። ይህን ለእኒያ ሰው ማን ይንገር? እኔ ነገርኳቸው። «እኔ ስሞትስ ማን ውኃ ያሞቅላታል ብዬ ሌሊት ሌሊት አስብ ነበር» አሉና ብዙ ዝም አሉ። ደግሞ ዘንዶ ማደጓን አታቆምም፤ አራትና አምስት ሜትር ከሆነች አንድ ሽማግሌ ለብቻው ሊይዛት አይችልም። ጠምጥማ ከያዘች የደም ዝውውርን ታቆማለች፤ ለዚህ ክፋት አያስፈልጋትም፣ ስህተት ይበቃታል። ይህንንም አልደበቅኋቸውም።

በመጨረሻ ራሳቸው ወስነው ለዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት አሳወቁ። ሊወስዷት የመጡት ባለሙያዎች ቆላ ያውቃሉ፣ ከረጢታቸውንም ከነሙቀቱ አዘጋጅተው ነበር። ጋሼ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እዚያ እሳት አለ?» ፀሐይ አለ፣ አሏቸው። ከዚያ ከደብተር በተቀደደ ቅጠል ላይ በሾፌር እጅ ጽሕፈታቸው ሁሉን ዘርዝረው ሰጡ። የበላችበት ቀን፣ ቆዳዋን የቀየረችበት ቀን፣ መርፌው ያለቀበት ቀን። ከታች በቀይ እስክሪብቶ «ብርድ አትወድም» ብለው ጨመሩበት።