ግፊቱ የእሱ፣ ድስቱ የሁለታችን

«ለባልሽ ጨው ቀንሺለት።»

ይህችን ቃል ያልሰማች ሚስት ጥቂት ናት። የሚታመመው ባል፣ የሚለካው ባል፣ ምክሩ የሚሰጠው ግን ለሚስት። እኛ ቤትም የመጣው እንዲሁ ነው። ባለቤቴ ጀርባዬን አመመኝ ብሎ ሐኪም ዘንድ አብረን ሄደን ግፊቱ ሲለካ ከ140 በላይ ሆነ። በሌላ ቀን ሲደገምም ያው። መድኃኒት ታዘዘለት፤ ከዚያ ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ ያቺን ቃል ተናገረ። የእኔን ግፊት ግን ማንም አልለካም።

በሐኪሙ አልፈርድም፤ ወረፋው ኮሪደሩን አልፎ ደጅ ደርሶ ነበር። ምክሩን ግን እሞግተዋለሁ። ከአንድ ትሪ የሚበሉ ሁለት ሰዎችን አንዱን በሽተኛ፣ ሌላዋን ወጥ ሠሪ አድርጎ ይለያያቸዋል። የሚበላው ሰው ስለሚበላው ነገር ምንም ሳያውቅ እንዲድን ይጠብቃል። በእኔ እምነት እኛ አበሾች ቤት መድኃኒቱ የአንድ ሰው ነው፤ መለወጥ ያለበት ድስቱ ግን የሁለቱም ነው። ሁለቱም ካልያዙት አይለወጥም።

ይህን የምለው በስሜት ብቻ አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የልብ ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በአራት አገሮች ዕድሜያቸው ጠና ያለ ባለትዳሮችን ተመልክቶ ነበር። ባልም ሚስትም ግፊት ያለባቸው ጥንዶች በእንግሊዝ 47 በመቶ፣ በአሜሪካ 38 በመቶ፣ በቻይና 21 በመቶ፣ በህንድ 20 በመቶ ሆነው ተገኙ። ልብ በሉ፣ እንግሊዙና አሜሪካዊው በየሳህኑ የሚበላ ሰው ነው። እኛ ደግሞ ከአንድ እንጀራ የምንቆርስ፣ አልፎም በገዛ እጃችን የምንጎራረስ ነን። ጨዋማው ወጥ ባልን ብቻ መርጦ የሚጎዳበት መንገድ የለም።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በ2007 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎች 16 በመቶ ያህሉ ግፊት እንዳለባቸው፣ አንድ ሰውም በቀን በአማካይ ከ8 ግራም በላይ ጨው እንደሚበላ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ማለት ነው። ግፊት ደግሞ ራስ ምታት እንኳ ሳያመጣ ለዓመታት ተደብቆ ይኖራል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ልብ ከአቅሟ በላይ ትገፋለች፣ ጡንቻዋ ይወፍራል፣ የደም ሥሮች ይደድራሉ፣ ኩላሊትም ይጎዳል። ብዙ ሰው መታመሙን የሚያውቀው ስትሮክ ከመታው ወይም ልቡ ከደከመ በኋላ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሁለቱም መለካት ነው። እኔም በማግሥቱ ሄጄ ተለካሁ። ቁጥሬ መድኃኒት የሚያስጀምር አልነበረም፤ ደኅና ነው ተብሎ የሚተውም አልነበረም።

«የእሱ ድስት» የሚባል ነገር በብዙ ቤት አይቻለሁ። ትንሽዬ ድስት ጥግ ላይ ትጣዳለች፤ ውስጧ ጨውም በርበሬም ያልነካው የገረጣ ነገር ይንተከተካል። ማዕድ ሲቀርብ ቤተሰቡ ቀዩን ወጥ ይከባል፣ አባወራው የራሱን ይዞ ከጎን ይቀመጣል። ልጆቹ ፊት ተለይቶ መብላት ለሰው ቅጣት ነው። ሁለት ሳምንት ይታገሣል፣ ከዚያ እጁ ወደ መሃል ይዘረጋል። ማን ይፈርድበታል? እኛ ገና ከመነሻው የተስማማነው በአንድ ነገር ነው፦ ድስቱ አንድ ይሁን፣ በውስጡ ያለውም ለሁለታችን የሚሆን ይሁን።

ከዚያ ጨው ፍለጋ ገባን። ፍለጋ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወጥ ላይ የምንነሰንሰው ጨው የሚታየው ብቻ ነው። በርበሬ ሲዘጋጅ ከቅመሙ ጋር ጨው ገብቶበት ይፈጫል። ሽሮም እንዲሁ። ሚጥሚጣውና አዋዜውም ጨው አላቸው። ከሱቅ የሚገዛው የወጥ ማጣፈጫ ኩብ ደግሞ አብዛኛው ጨው ነው። ስለዚህ አንዲት ሴት ሽሮ ስትሠራ በሽሮው አንዴ፣ በበርበሬው ሁለቴ፣ ከጨው ዕቃው ቆንጥራ ስትጨምር ሦስቴ ጨው አድርጋለች። «ዛሬ እኮ ጨው ትንሽ ነው ያደረግሁት» ስትል እውነቷን ነው፤ የምትቆጥረው ሦስተኛውን ብቻ ነዋ!

መላው ከወፍጮ ቤት ይጀምራል። የዓመቱ በርበሬና ሽሮ ሲሰናዳ ጨው ሳይገባበት ይፈጭ። ከባልትና የሚገዛ ሰው «ጨው አለው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ካለው ድስቱ ላይ ሌላ አይጨምር። ውጭ አገር ያላችሁም ከአገር ቤት በርበሬ ሲላክላችሁ ይህንኑ ቀድማችሁ ንገሩ። የጎደለውን ጣዕም ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድና መጨረሻ ላይ የምትጨመቅ ሎሚ ይሞሉታል። አልዋሻችሁም፣ መጀመሪያ ሰሞን ምግቡ ሁሉ ውሃ ውሃ ይላል። ምላስ ግን በሳምንታት ውስጥ ይለምዳል። አሁን ምግብ ቤት ስንገባ «ጨው አልበዛበትም?» የምንባባለው እኛው ነን።

ቀጥሎ ዘይት መጣ። እዚህ ላይ ነው ባለቤቴን ማማሰያ ያስያዝኩት። ቅዳሜና እሁድ ቁሌቱን እሱ እንዲያቁላላ ተስማማን። እናቶቻችን ሽንኩርት የሚያቁላሉት መጀመሪያ ያለ ዘይት ነበር። ደቆ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት ደረቅ ድስት ውስጥ ይገባል፣ እሳቱ ይቀነሳል፣ ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ ይደረግበታል። ይማሰላል፣ እንደገና ጠብ። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ውሃውን ይተፋል፣ ይለሰልሳል፣ ቆይቶም ይቀላና ሽታው ይለወጣል። በርበሬው ገብቶ በውሃ እየረጠበ ከበሰለ በኋላ ነው ዘይት የሚጨመረው፤ እሱም በሾርባ ማንኪያ ተለክቶ። ጊዜ ይፈጃል፣ ክንድ ያዝላል። ወጡ ግን ምንም አይጎድለው።

ባለቤቴ ጀሪካኑን አንስቶ ሊያንቆረቁር ሲል ማንኪያ ሰጠሁትና በዓይን ግምት የሚፈሰውን ያህል እየለካ እንዲጨምር ነገርኩት። ማንኪያው አላልቅ ሲለው ቆም አለና «ይሄን ሁሉ ነው እንዴ የምንበላው?» አለኝ። ስንት ዓመት «ዘይት ይቀነስ» ቢባል የማይገባው ነገር በዚያች ደቂቃ ገባው። እናንተም አስሉት፦ 5 ሊትር ጀሪካን ለባልና ሚስት በወር ካለቀ ለአንድ ሰው በቀን 83 ሚሊ ሊትር ደረሰው ማለት ነው። ከአምስት የሾርባ ማንኪያ በላይ ነው፤ ከዘይት ብቻ ወደ 700 ካሎሪ።

ዓይነቱም ይለያያል። ጠዋት ረግቶ የምናገኘው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ የሚባለው ስብ ነው፤ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው ይኸው ነው። የሱፍ አበባ ዘይት ውስጥ ያለው ግን ከአሥር እጅ አንዱ ቢሆን ነው፤ የኑግ ዘይትም ከፈሳሾቹ ወገን ነው። «ፈሳሹ ይወደዳል» ትሉኛላችሁ፤ ልክ ናችሁ። እኛ ግን በማንኪያ መለካት ስንጀምር የሚያልቀው መጠን ስለቀነሰ የተሻለውን ለመግዛት አቅም አገኘን።

ቅቤ ግን በማንኪያ ብቻ የሚፈታ ነገር አይደለም፤ ቅቤ ክብር ነው። አማቴ ከገጠር መጥተው ሰነበቱ። ምስር ወጡን ቀምሰው ዝም አሉ። ኋላ ማጀት ገብተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ቅቤ አለቀባችሁ እንዴ? ለምን አልነገርሽኝም፣ ይዤላችሁ እመጣ አልነበር?» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስ? ባለቤቴ ከኋላ ሰምቶ ኖሮ «እማዬ፣ ቅቤው ሞልቷል። ያልጨመርኩበት እኔ ነኝ፤ ወጡን የሠራሁት እኔ ነኝ» አላቸው። ሳቁ፣ ተገረሙ፣ ነገሩም በዚያው አለፈ።

ያንኑ መልስ እኔ ሰጥቼው ቢሆን ንፉግ ምራት ሆኜ በቀረሁ ነበር። «ለባልሽ ቀንሺለት» የምትለዋ ምክር የማታየው ይህንን ነው። የታመመው ሰው ራሱ ስለ ምግቡ አፍ አውጥቶ ካልተናገረ ሚስት ከአማቷ፣ ከእንግዳው፣ ከጎረቤቱ ጋር ስትከራከር ትኖራለች። በመጨረሻ ይታክታትና ቅቤውን መልሳ ትጨምረዋለች።

ንጥር ቅቤ ከ60 በመቶ ያላነሰው ያው ሳቹሬትድ ስብ ነው። እኛ አልጣልነውም። ለበዓል አስቀመጥነው፤ በዘወትር ቀን ካስፈለገም ወጡ ሊወጣ ሲል ለሽታ ያህል በማንኪያ ጫፍ ጠብ እናደርጋለን። በዓመት ጥቂት ቀን የሚመጣ ዶሮ ወጥ ያን ያህል አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ በተራ ማክሰኞ ማንም ሳያስተውለው የሚበላው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኛ ጋር ሥጋ ቤት መቀመጡና ከጥብሱ ጋር የሚወርደው ድራፍትም ልማድ ሲሆን ከተራው ቀን ይቆጠራል።

ኦርቶዶክስ ለሆንን ደግሞ ጾሙ የሥራውን እኩሌታ ሠርቶልናል። ረቡዕና ዓርብ፣ የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታው፣ ነቢያቱ ሲደመር ለምእመናን በዓመት ወደ 180 ቀን ይደርሳል። በ1997 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች «ዳሽ» የተባለውን ጥናት ሲያሳትሙ ለሰዎቹ የሰጡት አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ጥራጥሬ፣ ያልተፈተገ እህልና ስቡ የተቀነሰ ወተት የበዛበት ምግብ ነበር። ጨው ሳይቀነስ እንኳ ግፊት ያለባቸው ሰዎች የላይኛው ቁጥራቸው በ8 ሳምንት ውስጥ በ11 ነጥብ ገደማ ወረደ። በ2001 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ ጨው ሲቀነስ ይበልጥ እንደሚወርድ አሳየ። ወተቱን ትታችሁ ዝርዝሩን በእኛ ማዕድ ተርጉሙት፦ ጎመን፣ ምስር፣ ክክ፣ ሽምብራ፣ ቀይ ሥር። የጾም በያይነቱ አይመስልም? ከእኛ ትሪ የሚጎድለው ፍራፍሬው፣ የሚተርፈው ዘይቱ ነው። ሥጋና ቅቤ ትተን ሳምቡሳና የተጠበሰ ድንች የምንበላበት ጾም ለነፍስ ይጠቅም ይሆናል፤ ለልብ ግን ፍስክ ነው። በረመዳን ለምትጾሙም የማፍጠሪያው ሳምቡሳ ያው ነው።

ወደ ቁርስ ስንመጣ፣ ገብስና አጃ ውስጥ ኮሌስትሮል የሚቀንስ ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር አለ። አያቶቻችን ለመንገድ የሚቋጥሩት በሶ፣ የገብስ ቅንጬ፣ ከቤት የማይጠፋው ቆሎ ከዚሁ ናቸው። ቅንጬው በቅቤ ካልተለወሰ፣ ቆሎው ጨው ካልተረጨበት ማለቴ ነው። ተልባም እንዲሁ ለልብ የሚስማማ ቅባት አላት።

ሦስት ነገር ላስጠንቅቅ። አንደኛ፣ ቁጥሩ ወረደ ብሎ መድኃኒት በራስ ፈቃድ ማቆም አይገባም። የወረደው በመድኃኒቱም ጭምር ነውና ለሐኪም ሳይነግሩ የሚያቆሙት ሰዎች ተመልሰው የሚመጡት ብሶባቸው ነው። ነጭ ሽንኩርት ምግብ ነው፤ ክኒን አይተካም። ሁለተኛ፣ ሮዝ ጨው፣ የባሕር ጨው፣ አሞሌም ቢሆን ጨው ጨው ነው። ፖታሲየም የተቀላቀለበት ምትክ ጨው አለ፤ ለብዙዎች ይጠቅማል፣ ኩላሊቱ ለታመመና አንዳንድ የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ግን አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ሳይጠይቁ አይገዛም። ሦስተኛ፣ ጨውን ጨርሶ መተውም አይደለም፤ አዮዲን የምናገኘው ከእሱ ነው።

አሁን ደግሞ ለእናንተ ለጥንዶቹ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ምንም ወጪ የለውም። ለሁለት ሰው በየቀኑ 5 ግራም ቢታሰብ አንድ ኪሎ ጨው 100 ቀን ይበቃል። በሁለት ወር ካለቀ ግን እያንዳንዳችሁ በቀን 8 ግራም በልታችኋል፤ በርበሬውና ሽሮው ውስጥ ያለው፣ ውጭ የበላችሁት ሳይቆጠር። ስለዚህ አዲስ ጨው የከፈታችሁ ቀን እስክሪብቶ አንሱና ቀኑን ፌስታሉ ላይ ጻፉበት። የሚጽፈው ባልየው ይሁን።