መዝገቡ በማን እጅ ነው?

እዚህ ኮሎምበስ ባለው ዕድራችን ጸሐፊ ሆኜ ባገለገልሁበት ዘመን የሠራሁት ስሕተት ዛሬም ያሳፍረኛል። የአባላቱ መዝገብ በሰብሳቢው፣ በገንዘብ ያዡና በእኔ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ ነበር። አንድ ምሽት ገንዘብ ያዡ የአንዲት እናትን የሦስት ወር ክፍያ መዘገበ፤ እኔም በዚያው ሰዓት በአሮጌው ቅጂ ላይ አድራሻዎችን አርሜ ለሁሉም ላክሁ። የእኔ ቅጂ የእርሱን ተካው። ከወራት በኋላ እኒያ እናት ወንድማቸው አርፎ ሐዘን ሲቀመጡ፣ መዝገቡ ውዝፍ እንዳለባቸው ይናገር ነበር፤ በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት ደግሞ ባለውዝፍ ድጋፍ አያገኝም። ያዳናቸው በቦርሳቸው ያቆዩት ደረሰኝ ነው። የሰረቀም የዋሸም አልነበረም፤ ሁለት ቅን ሰዎች በአንድ ጊዜ መጻፋችን ብቻ በቃ።

ማዕከል ላለው ተቋም የዚህ ችግር መፍትሔ ቀላል ነው። በአቅራቢያችን ደብሊን ከተማ የሚገኘው ኦሲኤልሲ እ.ኤ.አ. በ1967 በኦሃዮ ኮሌጆች የተመሠረተ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ሲሆን፣ ከ1971 ጀምሮ አባላቱ በጋራ የመጻሕፍት መዝገብ ይሠራሉ። አንድ ባለሙያ የጋራውን መዝገብ ሲያርም ይቆልፈዋል፤ ሲጨርስ ይለቀዋል። ቁልፉን የሚሰጠው ማዕከሉ ነው። እኛ ሦስታችን ግን እኩያሞች ነበርን።

እኩያሞች ያለ አለቃ ተራ የሚይዙት እንዴት ነው? ሌስሊ ላምፖርት በ1978 ባሳተመው ጽሑፍ ጥያቄዎችን በተራ ቁጥር አሰለፈ፤ ከሁሉም መልስ ሳያገኝ የሚገባ የለም። ሪካርትና አግራዋላ በ1981 ለአሥር ኮምፒውተሮች ያስፈልግ የነበረውን 27 መልእክት ወደ 18 አወረዱት። ጉድለቱ ግን ቀረ፤ አንዱ ዝም ካለ ሁሉም ይቆማል። ገንዘብ ያዣችን በመጋዘን የሌሊት ፈረቃ ስልኩን ሲዘጋ ዕድሩ በሙሉ ቆሞ ሊጠብቀው ነው።

የተሻለውን መንገድ አባቶቻችን ምልዓተ ጉባኤ ይሉታል። ከአምስት ሰዎች የትኞቹም ሦስትና የትኞቹም ሌሎች ሦስት ቢያንስ አንድ የጋራ ሰው አላቸው። ያ ሰው ቃሉን ለአንዱ ከሰጠ ለሁለተኛው ይከለክላል፤ ስለዚህ ሁለት ፈቃድ በአንድ ጊዜ አይወጣም። ሁለቱ ቢጠፉ እንኳ ሥራው ይቀጥላል። ቁልፍ የያዘው ሰው ራሱ ቢጠፋስ? ፈቃዱ የጊዜ ገደብ ይኑረው፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚመጣው እርማትም በተራ ቁጥሩ ታውቆ ይመለስ።

ነገር ግን አብላጫ የሚባለው ጠቅላላው ቁጥር ሲታወቅ ነው። ማንም እንደ ልቡ በሚገባበትና በሚወጣበት የአቻ ለአቻ መረብ፣ አንድ ሰው በአሥር ስም መምጣት ይችላል። ስለዚህ ከቁልፉ በፊት የሚመለሰው ጥያቄ «አባል ማን ነው?» የሚለው ነው፤ ይህንም ሶፍትዌር አይወስንልንም። በየከተማው ለማኅበሮቻችን መተግበሪያ ለመግዛት የምንቸኩል ሁሉ መጀመሪያ ይህን በደንባችን ውስጥ እንጻፍ።

ዛሬ የእኛን መዝገብ አምስት ሰዎች ይይዙታል፤ ሦስቱ ካልፈቀዱ አይነካም፤ ፈቃዱም በአንድ ሰዓት ያበቃል። እኒያን እናት ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ይቅርም አሉኝ። ደረሰኙን ግን እስካሁን አልጣሉትም።